በቀን አንድ ፍሬም

በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ቤት ያለው ሰው ከክፍሎቹ ሁሉ ቀዝቃዛውን ለኮምፒውተሩ ይሰጥ ነበር። ወፍራም ግድግዳ፣ ሰሜን የሚያይ መስኮት፣ ሁለት ማራገቢያ። ሰዎቹ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ እግራቸውን ውሃ በሞላው ሳፋ ነክረው ሙቀቱ ባለበት ሳሎን ይቀመጣሉ። እንግዳ ሲመጣ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠየቀው "ኮምፒውተሩ እንዴት ዋለ?" ነው። ይህን እንደ ቀልድ የሚያየው አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ ከሞቀ ግድግዳው ላይ የሚታየው፣ ሩቅ ያለው ዘመድ ምስል ይንቀጠቀጣል።

ከሩቅ የሚመጣ ምስል ጥቂት ነበር። በሁለት ፍሬም መካከል ያለውን ክፍተት በየቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው መሙያ እየሠራ ይሞላዋል። ሰው የሚያየውን ሁሉ በሁለት ስም ይጠራው ነበር፤ "የመጣ" እና "የተሞላ"። የኳስ ጨዋታ በአሥር ሰከንድ አንድ ፍሬም ብቻ ስለሚመጣ፣ ከዚራ ሰፈር ቤቶች ውስጥ የገባው ጎል ገንደ ቆሬ ሰፈር ውስጥ አግዳሚውን መትቶ ይመለሳል። ስለዚህ ሰው ለጎል ከመጮሁ በፊት ጆሮውን ወደ ጎረቤት ቤት ያቀና ነበር። ይህንንም ሁሉም ለምዶታል።

አምሃ እንጀራውን የሚያገኘው ከዚህ መንቀጥቀጥ ነው። የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲሆን እዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የሙሌት ጠጋኝ ሆነ። ሰው ሲናገር አያቋርጥም፤ ማሽን ሲያስብም አያቋርጥም። ሙያው ሁለት ደንብ ነበረው። አንደኛው ምስክርነት ነው። ጠጋኙ ሥራውን ሲጨርስ ችግሩ ይታይ የነበረበት ሰዓት ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ያን ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ያያል። የቤቱ ባለቤት "መሰከርኩ" ካላለ ሥራው አላለቀም።

ሁለተኛው ደንብ ሙሌት በባለቤቱ ፊት አይጠፋም የሚል ነው። ሳቢያን ሰፈር አንዲት ሴት ባሏን ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳው ላይ ስታየው ኖረች። አንድ ቀን ጠጋኙ ሙሌቱን ፊቷ ላይ ሲያጠፋው የመጣው ሁሉ ባዶ ወንበር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ጠጋኞች ቤተሰቡን ከክፍሉ ማስወጣት ጀመሩ፤ ሐኪም እንደሚያስወጣ።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምሃ ለገሀሬ ሰፈር፣ ጋሽ ሸምሱ ቤት ደረሰ። በሩን የከፈተችው ሁለተኛዋ ልጃቸው ሂክማ ናት።

"አቦ ዘገየህ! አባዬ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ በር በሩን እያየ ነው።"

"በዘጠኝ ሰዓት ነበር የተባልኩት።"

"ለሱ ንገረው እንግዲህ። እኔ በሱ ሰዓት ነው የምኖረው።"

ጋሽ ሸምሱ ሳሎን ውስጥ እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። የሰባ አራት ዓመት አዛውንት ናቸው። የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት ከከተማው ወጣ ብሎ በነበረው የብርቱካን እርሻ ላይ ነው። እርሻው ውሃ አጥቶ ከተዘጋ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ጓሯቸው ውስጥ ግን ሁለት ዛፍ ተርፏል። እንግዳውን ከማነጋገራቸው በፊት አንድ ብርቱካን አነሱ፤ አሸተቱት፤ አውራ ጣታቸውን አናቱ ላይ ሰክተው ማዞር ጀመሩ። ልጣጩ እንደ ጥምጥም እየተተረተረ፣ አንዴም ሳይበጠስ ጉልበታቸው ላይ ወረደ። ፍሬውን ለአምሃ ሰጡት።

"በቢላዋ የሚልጥ ሰው ብርቱካን አያውቅም" አሉ። "ከተበጠሰብኝ እኔ አልበላውም። ልጆቼንም እንደዚሁ ነው ያስተማርኳቸው። ነጃት ይዛዋለች። ይቺ ግን በጥርሷ ነው።"

"ጥርስ የተሰጠን ለምን ሆነና!" አለች ሂክማ።

ነጃት ግድግዳው ላይ ነበረች። ወንበር ላይ ተቀምጣ ረጅም ጥቁር ፀጉሯን ወደ አንድ ጎን ሰብስባ ትጎነጉናለች። ከጁፒተር ጨረቃዎች በአንዷ ላይ በረዶ የሚቆፍር ጣቢያ አለ። ነጃት እዚያ የአሥራ ስምንት ዓመት ኮንትራት ፈርማ ከሄደች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ለአንድ ሠራተኛ ቤተሰብ የሚደርሰው ድርሻ በቀን አንድ ፍሬም ነው፤ እሱም ልክ በአሥር ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ይደርሳል። የቀረውን ሌሊትና ቀን መሙያው ይሠራዋል። በሦስት ወር አንዴም አሥራ አምስት ቃል ያላት ደብዳቤ ትመጣለች።

"ሱብሂ ሰግጄ ስመለስ ተኝታ አገኛታለሁ" አሉ ጋሽ ሸምሱ። "ቁርስ አብረን እንበላለን።"

"እሷ ምን ትበላለች?"

"የሚሰጧትን ነዋ።" ዓይናቸውን ከግድግዳው አልነቀሉም። "በየደብዳቤዋ ‘እያያችሁኝ ነው?’ ትላለች። እኔም ቀኑን ሙሉ አይሻለሁ ልጄ፣ ፀጉርሽን ስትጎነጉኚ፣ ሻይ ስትጠጪ እላታለሁ። መልሳ ያንኑ ትጠይቃለች። አባት ማየቱ ይጠረጠራል እንዴ?"

"ችግሩ ምንድን ነው?"

"አሥር ሰዓት ከአሥራ ሁለት ሲሆን ትንዘፈዘፋለች። ድሮ ዓይን እንደማርገብገብ ነበር። ዘንድሮ አራት ሰከንድ ሙሉ ፊቷ ይተራመሳል። ነገ ደግሞ የሂክማ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ታላቅ እህቷን እንደ በሽተኛ ስትንቀጠቀጥ እንዲያዩአት አልፈልግም። ዛሬውኑ አስተካክልልኝ ልጄ።"

አምሃ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ገብቶ ሥራውን ከተለመደው ጀመረ። የኮምፒውተሩን ሽፋን ፈትቶ አቧራውን ነፋ፤ የማራገቢያውን ክንፍ ጠረገ፤ የደረቀውን የሙቀት ቅባት ፍቆ አዲስ ቀባ። ሂክማ ክፍሏ ውስጥ ኳስ ከፍታ ስለነበር በአንድ ማሽን ሁለት ሙሌት እየተሠራ መሆኑን አወቀና እንድታጠፋው ለመናት።

"ሁለት ለዜሮ እየመራን ነው እኮ!"

"የመጣ ነው የተሞላ?"

"አቦ ተወኝ!" አለች፤ አጠፋችው ግን።

የግድግዳውን ፍጥነት ከመሙያው ፍጥነት ጋር አስተካከለ፤ ሙቀቱን ለካ። ሁሉም ደህና ሆነ። ሦስቱም ሳሎን ተቀምጠው ጠበቁ። አሥር ሰዓት ከአሥራ ሁለት ሲሆን ነጃት ሻይዋን ልትጎነጭ ኩባያውን አንስታ ነበር። ድንገት ፊቷ ተናጠ፤ ኩባያው ጠፋ፤ ከሷ ፊት ሥር ሌላ ፊት ብቅ ብሎ ተዋጠ። ከአራት ሰከንድ በኋላ ሻይዋን ተጎነጨች።

"ይኸው" አሉ ጋሽ ሸምሱ በተሰበረ ድምፅ።

አምሃ ተመልሶ የማሽኑን የሥራ መዝገብ አየ። ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ከአቅሙ ሲሶውን እንኳ አይነካም። በዚያች ሰዓት ብቻ አለኝ የሚለውን ኃይል ሁሉ ያፈሳል፤ የመጣችውን አንዲት ፍሬም ራሱ ከሠራው ጋር ለማስታረቅ። ደግሞ በየዓመቱ እየከበደው ሄዷል። ኮምፒውተሩ አልደከመም፤ እየተከራከረ ነው።

ለእንዲህ ያለው ችግር መድኃኒቱ የታወቀ ነበር፤ ማለስለስ ይባላል። አንዲት ትእዛዝ ናት፤ መሙያው ከመጣው ይልቅ ራሱን እንዲያምን ታደርገዋለች። ተጠራቅመው የቆዩት የመጡ ፍሬሞች ሙሌቱ ውስጥ ቀልጠው ይጠፋሉ፤ ከእንግዲህ የሚመጡትም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ መንዘፍዘፍ የሚባል ነገር የለም። አምሃ በዚያ ዓመት ብቻ ከመቶ የሚበልጥ ቤት አለስልሷል። የተቀየመው ሰው አልነበረም።

ከማለስለሱ በፊት ግን ጥቂት የመጡ ፍሬሞችን አውጥቶ ማየት ግዴታ ነው። አምሃ አባትና ልጅ ጓሮ ዛፉ ሥር እንዲጠብቁት ጠየቃቸው። ጋሽ ሸምሱ ሳይከራከሩ ጫማቸውን አደረጉ።

ሳሎኑ ውስጥ ብቻውን ሲቀር ሙሌቱን አጠፋው።

ግድግዳው ላይ የቀረችው ሌላ ሴት ነበረች። ፀጉሯ እስከ ቆዳዋ የተላጨ ነው፤ ከግራ ጆሮዋ በላይ ሽበት ይታያል። አገጯ ሾሏል። ከኋላዋ የግድግዳ ሰዓት ተሰቅሏል። እጆቿን ደረቷ ፊት አድርጋ፣ አንዱን መዳፍ ከሌላው ጋር አቀራርባ፣ ባዶ አየር ይዛለች። ዓይኖቿ በቀጥታ ወደ ካሜራው ያያሉ። አምሃ የትናንቱን አወጣ። ያው ወንበር፣ ያው ሰዓት፣ ያው አቀማመጥ። የከትናንት ወዲያውንም አወጣ። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጎ ቢያያቸው ልዩነታቸው የቀኝ አውራ ጣቷ ብቻ ነው፤ በየቀኑ የአንድ ክር ያህል አልፏል።

ሰው እጁን አንድ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ በአጋጣሚ ያቆማል። ሦስት ቀን ግን አያቆምም። አምሃ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከመጀመሪያው ቀን እስከ ዛሬ የመጡትን ፍሬሞች ቆጠራቸው፤ አራት ሺህ አሥራ ስምንት ነበሩ። በመካከላቸው ምንም ሳይሞላ፣ በሰከንድ ሃያ አራቱን ደርድሮ ለቀቃቸው።

ሴትየዋ ተንቀሳቀሰች።

መጀመሪያ አልጋዋ ላይ ነበረች። ተነሳች። ወደ ወንበሩ ሄደች፤ ቀስ ብላ፣ አንድም ቦታ ሳትዘል። ልብሷ በየቅጽበቱ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ነጭ እየሆነ ይርገበገባል፤ አካሏ ግን እንደ ውሃ ይፈሳል። ፀጉሯ አጠረ፤ ተላጨ፤ ሸበተ። ሰዓቱ ብቻ ቆሟል፤ በየቀኑ ያችኑ ደቂቃ ያሳያል። አንድ ቦታ ላይ ወንበሩ ለግማሽ ሰከንድ ባዶ ሆነ፤ አምሃ አቁሞ ሲቆጥር አሥራ አንድ ቀን ነው። ከዚያ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሎ ተመለሰች፤ እጇ ካቆመበት ቦታ፣ ከዚያችው ነጥብ ቀጠለ።

ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰባት ሰከንድ ፈጀ። በየቀኑ፣ አሥራ አንድ ዓመት፣ በዚያች ደቂቃ ሥራዋን ጥላ እየመጣች፣ ትናንት ያቆመችበትን አስታውሳ፣ የአንድ ክር ስፋት ጨምራ፣ ሳትተነፍስ ፍሬሟን ጠብቃለች። መሙያዎች በከተማው ውስጥ በሰከንድ ሚሊዮን ፍሬም ያመርታሉ። ይህች ሴት ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰባት ሰከንድ የሚሆን፣ አንዳችም ሙሌት የሌለበት እንቅስቃሴ በራሷ ሰውነት ሠርታለች።

ምን እያደረገች እንደሆነ ግን አልገባውም።

ወደ ጓሮ ወጣ።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ማለስለስ እችላለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ነገ ሽማግሌዎቹ ምንም አያዩም። ግን ከማለስለሴ በፊት እርስዎ ማየት ያለብዎት ነገር አለ። ካለሰለስኩት ይጠፋል። መልሼ ላመጣው አልችልም።"

"ሙሌት ጠፍቶ?"

"አዎ።"

"በደንባችሁ አይከለከልም?"

"ይከለከላል።"

አዛውንቱ ዛፉን ተደገፉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። "ወንበሩ ባዶ ነው?"

"አይደለም፤ አለች። አብሽሩ፣ አለች።"

"ካለች ምን ቸገረህ? የማያትን ልጅ ተውልኝ! እኔ ከሷ ጋር ነው የምኖረው። እናቷ ስትሞት አብራኝ ያለቀሰችው እሷ ናት።"

አምሃ እናትየው የሞተችው መቼ እንደሆነ አያውቅም፤ ማሽኑ ሐዘን ሞልቶላቸው እንደነበር ግን አወቀ። ይህም ክፉ ሥራ ነው ለማለት ድፍረቱ አልነበረውም።

ሂክማ ናት የተናገረችው። "አባዬ፣ ነጃት መች ሙሌት ትወድ ነበር? ኳስ ስናይ እንኳ ‘የመጣውን ብቻ አሳዩኝ’ እያለች አይደል ታናድደን የነበረው? እኔ ላየው ነው። አንተ ካልፈለግህ እዚሁ ሁን።"

ወደ ውስጥ ገባች። ትንሽ ቆይተው አዛውንቱም ተከተሏት።

አምሃ ከመጀመሪያው ለቀቀው። ነጃት ከአልጋዋ ስትነሳ ሂክማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ፀጉሯ ሲላጭ ጋሽ ሸምሱ "ያ ረቢ" አሉና ፊታቸውን አዞሩ፤ መልሰው አዩ። ነጃት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ቀኝ እጇን ዘርግታ ከአየር ላይ አንድ ክብ ነገር ቀጠፈች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። አውራ ጣቷን አናቱ ላይ አሳረፈች፤ ሰካችው፤ ማዞር ጀመረች።

ጋሽ ሸምሱ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ሳፋው ተገልብጦ ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ማንም አላየውም።

"ብርቱካን ነው" አሉ። "ሂክማ፣ ብርቱካን ነው እኮ! ተመልከቺ አውራ ጣቷን! የኔ አያያዝ ነው። እየላጠች ነው። ሱብሃነላህ… እየላጠችልኝ ነው።"

የማይታየው ልጣጭ በማይታየው ፍሬ ዙሪያ ሲዞር የግራ እጇ ጣቶች ለልጣጩ ቦታ እየለቀቁ ይከፈቱ ነበር። ባዶ ወንበር መጣና አለፈ። በፋሻ የተጠቀለለ ክንድ መጣ። አውራ ጣቷ የፍሬው ወገብ ጋ ሲደርስ ምስሉ ቆመ፤ ይህ የዛሬው ነው።

ማራገቢያው ብቻ ከወዲያ ክፍል ይሰማል።

"‘እያያችሁኝ ነው?’ ስትለኝ" አሉ ጋሽ ሸምሱ፣ "እኔ ‘ፀጉርሽን ስትጎነጉኚ’ እላታለሁ። ፀጉር የላትም።"

"አባዬ…"

"አሥራ አንድ ዓመት እጇን ዘርግታ፣ እኔ ስለ ሻይ አወራላታለሁ።"

አምሃ የኮንትራቱ ዘመን ስንት እንደቀረው ጠየቀ፤ ሰባት ዓመት አለች ሂክማ። አዛውንቱ ከሳህኑ ላይ ብርቱካን አንስተው እስከ ወገቡ ላጡና ከግድግዳው ምስል ጋር አስተያዩት። በከንፈራቸው ይቆጥራሉ፤ በእርሻው ላይ ዛፍ ሲቆጥሩ እንደነበረው።

"የቀረው ልጣጭ አለ። ከዚያ ነጩን ክር ታነሳለች። ከዚያ ትከፍለዋለች። ከዚያ…" እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ፤ "ከዚያ ለኔ ትዘረጋለች። ሰባት ዓመት ይበቃታል። አስልታዋለች። አንድ ቀን አታጎድልም።"

አምሃ ፍሬሞቹን ሁሉ በሌላ ማከማቻ ገልብጦ ለሂክማ ሰጣት። ከዚያ ሙሌቱን ምን ላድርገው ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ሸምሱ መልሰው ተቀመጡ።

"ያቺኛዋስ?" አሉ። "ሻይ የምትጠጣው?"

"ማሽኑ እርስዎን ለማስደሰት የሠራት ናት። በዚህ አልወቅሳትም።"

"እኔም አልወቅሳትም። ለዛሬ ተዋት። ጠዋት እኔው አጠፋታለሁ።"

በማግስቱ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል አምሃ ለምስክርነት ተመለሰ። ሂክማ በሩ ላይ በሹክሹክታ "አጠፋት" አለችው። "ከሱብሂ በኋላ። መጀመሪያ ቁርስ አቀረበላት። ‘በይ ደህና ሁኚ’ አላት።" ቀሚሷ አዲስ ነው፤ እጇ ላይ ሂና አለ። "ሽማግሌዎቹ ገብተዋል። ኮምፒውተራችሁ ተበላሽቷል ወይ እያሉን ነው፤ አቦ ዛሬ ባላገባ ባንተ ነው!"

ሳሎኑ ውስጥ አራት ሽማግሌዎች ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ የተላጨች ሴት እጆቿን በባዶ አየር ዙሪያ ይዛ ተቀምጣለች፤ ከትናንት አሥር ሰዓት ጀምሮ ዓይኗ አልተርገበገበም። በዚያ ከተማ ውስጥ ቆሞ የሚቀር ምስል ከታየ ብዙ ዘመን ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሸምሱ፣ ልጅቷ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። የመጣችሁበትን ነገር ከማንሳታችሁ በፊት ትንሽ ጠብቁኝ። እህቷም ትኑርበት።"

"መቼ ልትኖር ነው?"

"አሁን።"

አሥር ሰዓት ከአሥር ሆነ። ከአሥራ አንድ ሆነ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መቁጠሪያውን ማንከባለል አቆመ። አምሃ ከበሩ ሥር ቆሞ ጆሮውን ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል አቀና፤ የሚጠብቀው ድምፅ ግን የለም፤ ማሽኑ የሚከራከረው ነገር አልነበረውምና።

አሥራ ሁለት።

ግድግዳው አልተንቀጠቀጠም። የሴትየዋ ሸሚዝ ከግራጫ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ። አውራ ጣቷ የአንድ ክር ስፋት ያህል አለፈ። ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ሽማግሌዎቹ ምን እንዳዩ ሳያውቁ አራቱም ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

ጋሽ ሸምሱ እጅ ላይ እስከ ወገቡ የተላጠ ብርቱካን ነበር። አውራ ጣታቸውን የዚያኑ ያህል፣ የአንድ ክር ስፋት አዙረው አቆሙ። ልጣጩን ወደ ላይ አንስተው በብርሃን አዩት፤ አልተበጠሰም።

"መሰከርኩ" አሉ።